ሚዛኑ በማን እጅ ነበር?
ከቁና እስከ ዩኒየን፤ የተራው ገበሬ የዕለት ኑሮ እንደ ታሪክ

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚታተመው ለዚህ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የምሥረታው ቀን፣ የመሥራች መሠረታዊ ማኅበራት ዝርዝር፣ የአባላት ብዛት፣ መነሻ ካፒታል፣ የተከፋፈለ ትርፍ፤ ይህ ሁሉ በጽሕፈት ቤታችን መዝገብ ውስጥ ተሰድሮ ይገኛል። መዝገቡን ገልብጦ በቅደም ተከተል ማስፈር ብቻ የሚበቃ ይመስላል።

ሆኖም ብዕር ከማንሳቴ በፊት ከመሥራች አባላት አንዱን ላነጋግር ብዬ ወደ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ሄድኩ። ያገኘኋቸው አዛውንት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ ዓይናቸው ቢደክምም ነገር የማይረሱ ሰው ናቸው። ከሰላምታ በኋላ፣ «አባባ፣ ማኅበራችሁ የተመሠረተው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ እሱን ጽሕፈት ቤቱ ያውቀዋል። እኔ የማውቀው ሚዛኑ የመጣ ዕለት ነው» አሉኝ።

መልሳቸው በመጀመሪያ ከጥያቄዬ የራቀ መሰለኝ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን የጠየቅኋቸውን ታሪክ በአንድ ቃል የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከመዝገቡ ትቼ በሚዛኑ ልጀምረው ወሰንኩ። እህላችንን፣ መሬታችንንና ድካማችንን ማን ሲለካው እንደኖረ ማየት፣ የተራው ገበሬ የዕለት ኑሮ በአገር ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ እንደነበረው ያሳየናል ብዬ አምናለሁ።

ታሪክ የማን ነው?

እንደሚታወቀው በትምህርት ቤት የተማርነው ታሪክ በአብዛኛው የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ንጉሡ ሲዘምት ስንቁን ማን አመረተው? መኳንንቱ ግብር ሲያበሉ ጤፉ ከማን አውድማ መጣ? የሚለውን ጥያቄ ዜና መዋዕሉ ብዙ ጊዜ አይመልሰውም። ገበሬው በጽሑፍ ላይ ብቅ የሚለው በአብዛኛው ግብር ሲከፍል ነው። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በተባለው ትልቅ መጽሐፋቸው የድሮውን የመሬትና የግብር ሥርዓት ሰብስበው በማስቀመጣቸው ትልቅ ውለታ ውለውልናል። ያም ሆኖ እንዲህ ባለው መዝገብ ውስጥ የምናገኘው ገበሬው ምን ያህል እንደሰጠ ነው። ሲሰጥ ምን እንደተሰማው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን እንዳላት ግን የሚጽፍለት አልነበረም።

ይህ ማለት ግን ተራው ሰው ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። ታሪኩ ያለው በዕቃው፣ በልማዱና በንግግሩ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ቁና ነው።

ቁናና አውድማ

ኪሎ ከመምጣቱ በፊት እህል የሚለካው በቁና ነበር። ቁና ከሣር ወይም ከአክርማ የተሰፋ መስፈሪያ ሲሆን በብዙ ቦታ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። ይሁን እንጂ ቁናው ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከገበያ ገበያ ይለያይ ነበር። መጠኑ አንድ ቢሆንም እንኳ አሰፋፈሩ ይለያያል። እስኪቆለል የተሞላ ቁናና አፉ በእጅ የተጠረገ ቁና ስማቸው አንድ ነው፤ እህላቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህም «ስንት ቁና?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ማን ሰፈረው?» የሚለው ይበልጥ ነበር።

አንድ ገበሬ ከሰኔ እስከ ጥር የደከመበትን ሁሉ አውድማው ላይ ያገኘዋል። በበሬ አበራይቶ፣ በመንሽ አንሥቶ፣ በላይዳ አዝርቶ፣ ንጹሑን ምርት ሲከምር ከቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነበር። አሥራት ከአሥር አንድ ነው። በደቡቡና በሌሎች የጭሰኛ አገሮች ደግሞ የባለ መሬቱ ድርሻ ሲሶ ወይም እኩሌታ ይደርስ ነበር። ድርሻው በሕግና በልማድ የታወቀ ቢሆንም ሰፋሪው ቁናውን የሚቆልለው ወይም የሚጠርገው በማን ፊት እንደሆነ እያየ ነው። አንድ ቤተሰብ ነሐሴን በእህል ይውጣው ወይስ በብድር የሚለው ነገር የሚወሰነው በዚያ የእጅ እንቅስቃሴ ነበር። መንግሥት በ1950ዎቹ የሜትሪክ መለኪያን በሕግ ቢደነግግም ቁናው ከገጠር ገበያ በአንድ ጊዜ አልጠፋም።

ክፉ ቀንና መቀናጆ

የእኛ አያቶች አያቶች «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ታላቅ ረኃብ ነው። መነሻው በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ ነበር። በሽታው የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ። መሬት እያለ የሚያርስ ጠፋ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለመኳንንቶቻቸው ምሳሌ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል።

ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በታች ያለው ታሪክ ግን በየቤቱ የቀረ ነው። አንድ በሬ ብቻ የተረፈው ሰው ብቻውን ማረስ አይችልም። ስለዚህ አንድ በሬ ያለውን ሌላ ሰው ፈልጎ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ይጠምዳል፤ አንድ ቀን የእርሱን መሬት፣ አንድ ቀን የባልንጀራውን ያርሳሉ። ይህ መቀናጆ ነው። መቀናጆ በክፉ ቀን የተፈጠረ ባይሆንም፣ የበሬን ዋጋ ያስተማረ እንዲህ ያለ ዘመን ግን ልማዱን አጽንቶታል። ዛሬም ድረስ በአካባቢያችን አንድ በሬ ብቻ ያለው ወጣት ጎጆ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያስበው መቀናጆውን ነው።

ወንፈልም እንዲሁ ነው። ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ፤ ቀን ለቀን። ደቦና ጅጌ ደግሞ ባለ ሥራው ደግሶ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው። እቁብና እድር በከተማም በገጠርም አሉ። ስለዚህ የኅብረት ሥራ አስተሳሰብ ከውጭ አገር በመጽሐፍ የመጣልን አዲስ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት። አዲስ የመጣው ሕጉ፣ መዝገቡና ማኅተሙ ነው። የአንዱን ጉድለት በሌላው መሙላትን ግን ገበሬው ከቀንበሩ ተምሮታል።

በእነዚህ ልማዶች ውስጥ አንድ የጋራ ነገር እናያለን። በወንፈል የሠራሁልህን ቀን የምቆጥረው እኔም አንተም ነን። በመቀናጆ የበሬዬን ድካም የምናውቀው ሁለታችንም ነን። መለኪያው በሁለቱም ወገን እጅ ስለሆነ ክርክሩ ቢኖርም እምነቱ አይጠፋም።

ቃላድ

ገበሬው እህሉ ብቻ ሳይሆን መሬቱም ሲለካ አይቷል። ቃላድ መሬት የሚለካበት ጠፍር ነው። በብዙ የደቡብ አውራጃዎች ቃላድ በተጣለበት ሁሉ የመሬቱ ባለቤትነት እንደተለወጠና የአገሬው ሰው ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ የጎጃም ገበሬ ሰምቷል። ስለዚህ ርስቱን በቃላድ ማስለካትን ከርስቱ መነቀል አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ይኸው ፍርሃት ተቀሰቀሰ። መንግሥት ግብሩ በገቢ ላይ እንጂ በመሬት ላይ አይደለም ይል ነበር። ገበሬው ግን ገማቾች ወደ ማሳው ሲመጡ ከኋላቸው ቃላድ የሚመጣ መሰለው። በጎጃም በርካታ ወረዳዎች ሕዝቡ ገማቾችን አላስገባም አለ፤ ተቃውሞው ወደ ትጥቅ ትግል ተለወጠ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ አውሮፕላን መንደሮችን እስከ መደብደብ ተደረሰ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ግብሩን የማስፈጸሙ ነገር ቆመ፤ የቆየው ውዝፍም ተሰረዘ።

የታሪክ ምሁራን ይህን አመፅ በልዩ ልዩ መንገድ ተርጉመውታል። አንዳንዶቹ የባላባቶች እጅ አለበት ሲሉ ሌሎች የገበሬውን የራሱን ምክንያት አጉልተዋል። ለእኛ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። በዚያ ዓመት ጠመንጃ ያነሣው ሰው አብዛኛው ስለ ሥልጣን የሚያስብ አልነበረም። የተናገረው በአጭሩ «በማላየውና በማላምነው መለኪያ አትለኩኝ» የሚል ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ኮታ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ይህ ለሚሊዮን ገበሬዎች ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። የገበሬ ማኅበራትም በየአካባቢው ተቋቋሙ። ከዚያም በ1970 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 የአገልግሎትና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን አስፋፋ። ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳርና አቡጀዲ በኅብረት ሱቅ መገኘቱን ብዙዎች ዛሬም በበጎ ያስታውሱታል።

ነገር ግን ከሱቁ ጋር ኮታ መጣ። እያንዳንዱ ገበሬ ከምርቱ የተወሰነውን ኩንታል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው። ኮታው የሚወሰነው ከላይ ስለሆነ የማሳውን ሁኔታ ሁልጊዜ አይመለከትም።

አባቴ በዚያ ዘመን ገበሬ ነበር። አንድ ዓመት መስከረም ላይ በረዶ መታንና ጤፋችን ሜዳ ላይ ተኝቶ ቀረ። ኮታው ግን አልተነሣም። አባቴ ያለችንን አንዲት ጊደር ሸጠ፤ በገንዘቡ ከገበያ ጤፍ ገዛ፤ የገዛውን ጤፍ በአህያ ጭኖ ሄዶ በግማሽ ዋጋ አስረከበ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ አብሬው ሄጃለሁ። ስንመለስ አህያዋ ባዶዋን ከፊት ትሄዳለች፤ አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም። ቤት ሲደርስ እናቴ «ስንት ሆነ?» ብላ ስትጠይቀው «ሚዛኑን አላየሁትም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የቆመው» አላት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ቤታችን ብቻ አልነበረም። ኮታ ለመሙላት ከገበያ እህል የገዛ ገበሬ በየአገሩ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ የተደረገው «ኅብረት» በሚለው መልካም ቃል ስም መሆኑ ጉዳቱን አከፋው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅና ከአምራቾች ማኅበር መውጣት ሲፈቀድ፣ በብዙ ቦታ አባላቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሬውን፣ መሬቱንና ዕቃውን ተከፋፍለው ተበተኑ። ሰው የተበተነው አብሮ መሥራትን ስለሚጠላ አልነበረም። በማግሥቱ እነዚያው ሰዎች በወንፈል ሲያርሱ ታይተዋል። የጠሉት በራሳቸው እጅ ያልነበረውን ኅብረት ነው።

ስሙን መልሶ ማጥራት

ታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ሲወጣ የኅብረት ሥራ ማኅበር በፈቃደኝነት እንደሚመሠረት፣ እያንዳንዱ አባል ያለው ዕጣ ብዙም ይሁን ጥቂት አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚኖረው ተደነገገ። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። በወረቀት ላይ ነገሩ ግልጽ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ወጣት የኅብረት ሥራ አደራጅ ሆኜ በየቀበሌው ስዞር ግን የገጠመኝ ሌላ ነው። ስብሰባ ላይ «ኅብረት ሥራ» የሚለውን ቃል ስጠራ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አንተ ደግ ሰው ትመስላለህ። ግን ይህን ስም እናውቀዋለን» ብለውኝ ተቀመጡ። መልስ አልነበረኝም፤ የአባቴን ጊደር አስታወስኩ።

ሰውን ወደ ማኅበሩ ያመጣው የእኔ ንግግር አልነበረም፤ ችግር ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር በስፋት ይሠራጭ ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርት በጣም በዛ። ምርት ሲበዛ ደስታ መሆን ሲገባው የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ በአንዳንድ ገበያ ኩንታሉ እስከ 20 ብር ገደማ ወረደ። ገበሬው የማዳበሪያውን ዕዳ ለመክፈል የጎተራውን ሁሉ ሸጦ አልበቃውም፤ አንዳንዱ በሬውን ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ብዙዎች ማዳበሪያ መውሰድ ፈሩ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአገሪቱ ሰፊ ድርቅ ሆነ። በአንድ ዓመት እህል ረክሶ፣ በሌላው ዓመት እህል ጠፍቶ፣ በሁለቱም የተጎዳው ያው ገበሬ መሆኑን ሁሉም ዓይቶታል።

በዚህ ጊዜ ነው አዛውንቱና ጎረቤቶቻቸው የተሰባሰቡት። «ብቻዬን ገበያ ስወጣ ነጋዴው ዋጋ ይነግረኛል። ሃያ ሆነን ስንወጣ እኛ እንነግረዋለን ብለን ነው» አሉኝ። ዕጣ ገዙ፣ ኮሚቴ መረጡ፣ በአንድ አባል ቤት ውስጥ ጎተራ ተከራዩ። ከዚያም በመጀመሪያ ገንዘባቸው የገዙት ከመሬት የሚቀመጥ የብረት ሚዛን ነበር። ከከተማ በጋሪ መጣ። «ያን ዕለት እህሌ ሲመዘን ከፊቱ ቆሜ ቁጥሩን አየሁት። ማንበብ ባልችልም ልጄ አነበበልኝ» አሉኝ። የማኅበሩን መመሥረት የሚያስታውሱት በዚያ ዕለት የሆነው ለዚህ ነው።

አሥር ባዶ ማዳበሪያ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አዛውንቱ ግን የሚቀጥለውንም ነገሩኝ፤ እኔም የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ አስፈቅጄ ተመልክቻለሁ።

ማኅበሩ በተመሠረተ በሦስተኛው ዓመት ገደማ አንዲት ባሏ የሞተባት የማኅበሩ አባል በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጇን አወጣች። ጥያቄዋ አጭር ነበር። ማኅበሩ እህል ሲረከብ ለጆንያ ብሎ ከእያንዳንዱ ኩንታል አንድ ኪሎ ይቀንሳል። ይህ ከነጋዴው ዘመን ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ድሮ እህል የሚጫነው በቃጫ ጆንያ ስለነበር፣ ባዶው ጆንያ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ቅናሹ ተገቢ ነበር። አሁን ግን ሰው የሚጠቀመው በማዳበሪያ ነው። «ይህ ማዳበሪያ አንድ ኪሎ ይመዝናል?» አለች።

ጸሐፊው ልማዱን ሊያስረዳ ሲጀምር እርሷ ከቤቷ ያመጣቻቸውን አሥር ባዶ ማዳበሪያዎች ጠቅልላ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። አሥሩም በአንድነት ከአንድ ኪሎ ብዙም አልዘለሉም።

ጉባኤው ዝም አለ። ከዚያም ሒሳቡ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ማኅበሩ የተረከበው እህል 400 ኩንታል ገደማ ነበር። የተቀነሰው 400 ኪሎ ነው፤ መቀነስ የነበረበት 40 ኪሎ። ልዩነቱ 360 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ኩንታል ተኩል ያልፋል። ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አንድ ፍሬ አልሰረቀም። ብልጫው በመጋዘን ውስጥ ተገኝቶ በመዝገብ «የመጋዘን ብልጫ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከማኅበሩ ትርፍ ጋርም ተደምሯል። ሰረቀ የሚባል ሰው ባለመኖሩ ነገሩን ማስተካከል ይበልጥ አስቸጋሪ ሆነ። አንዳንዶች «ያው የራሳችን ትርፍ ነው፤ ለሁላችን ነው የሚከፋፈለው፤ ምን ያጨቃጭቃል?» አሉ። ሌላው ደግሞ «ብዙ ያስረከበው ብዙ ተቀንሶበታል፤ እንዴት እኩል ይሆናል?» አለ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ። አዛውንቱ እንደነገሩኝ፣ ነገሩን የቋጨው አንድ ዝምተኛ ሰው ነው። «ነጋዴው ሲያደርግብን ሌብነት ያልነውን እኛ ስናደርገው ልማድ ልንለው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጉባኤው ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማዳበሪያ ቅናሽ በእውነተኛ ክብደቱ እንዲሆን። ሁለተኛ፣ የተቀነሰው ሁሉ በደረሰኝ እየታየ ለየባለቤቱ እንዲመለስ። የኪሎ በቆሎ ዋጋ በዚያ ዓመት አንድ ብር ገደማ ስለነበር ሦስት ኩንታል ያስረከበ ሰው የተመለሰለት 2 ብር ከ70 ሳንቲም ነው። ከዚህ ገንዘብ ይልቅ ተመላሹን ለማስላት የጠፋው ጊዜና ወረቀት የበለጠ ዋጋ ሳይኖረው አይቀርም። አዛውንቱን፣ «አባባ፣ ለሁለት ብር ይህን ያህል መድከም ይገባ ነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ በሚቀጥለው ዓመት እኮ እህላቸውን ለነጋዴ ይሰጡ የነበሩ ሰዎች ወደ እኛ መጡ» ብለው መለሱልኝ።

በቃለ ጉባኤው ላይ ይህ ሁሉ የተጻፈው በሁለት መስመር ነው፤ «የጆንያ ቅናሽ ተስተካክሏል። ለአባላት ተመላሽ እንዲደረግ ተወስኗል» ይላል። የሴትየዋ ስም የለም። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ እርሷም ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አክብሬያለሁ። ነገር ግን ለእኔ ይህ ማኅበር በእውነት የተመሠረተው ዕውቅና ባገኘበት ቀን ሳይሆን በዚያ ምሽት ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩ

የኅብረት ሥራ ታሪክ በሚነገርበት ሁሉ የሚጠቀሱት የሮችዴል ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሸማኔዎችና የእጅ ሥራ ሰዎች፣ ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1844 ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ ሲከፈት የያዘው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ከተሞች ነጋዴ ዱቄትን ከባዕድ ነገር መደባለቁ፣ ሚዛንም ማጉደሉ የተለመደ ነበር። የሮችዴል ሰዎች ከያዟቸው ደንቦች አንዱ ዕቃው ንጹሕ፣ ሚዛኑም ሙሉ ይሁን የሚል ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የኅብረት ሥራ መርሕ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው ጭምር፣ ከእነዚያ ሰዎች ደንብ የተወረሰ ነው።

እነዚያ ሰዎች ፈላስፎች አልነበሩም። እንጀራ የሚጋግሩበት ዱቄት እንዳይጭበረበር የፈለጉ ሰዎች ናቸው። አሥር ባዶ ማዳበሪያ ይዛ ጉባኤ የመጣችው እናትም ስለ ሮችዴል ሰምታ አታውቅም። ሁለቱም የደረሱበት ግን አንድ ቦታ ነው፤ ከዕለት ኑሮ ተነሥተው ወደ መርሕ ደርሰዋል። መርሑን በመጽሐፍ ብቻ ስናነበው እንረሳዋለን፤ ከየት እንደመጣ ስናውቅ ግን እንጠብቀዋለን።

በመዝገብ ያልገቡት

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የድሮ የአባላት መዝገቦችን አገላብጫለሁ። አብዛኛው ስም የወንድ ነው። አባልነት ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ኃላፊ ስም ስለሚመዘገብ ሴት በመዝገብ የምትታየው ብዙውን ጊዜ ባሏ ሲሞት ወይም ሲለያዩ ነው። ያች አባልም በጉባኤ የመናገር መብት ያገኘችው በሐዘን በኩል ነው።

ነገር ግን እህሉን በሰፌድ አንገዋልላ፣ በወንፊት ነፍታ፣ ከጠጠር የለየችው ማን ናት? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከአገራችን የገበሬ ዩኒየኖች በቆሎ በቀጥታ መግዛት ሲጀምር የጥራት መስፈርቱ ጥብቅ ነበር። እርጥበቱ ይለካል፣ የተሰበረውና ባዕድ ነገሩ ይታያል። በየመጋዘኑ ተቀምጠው በቆሎውን በእጃቸው ሲለቅሙ የዋሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የዩኒየኖች ስም የተጠራው በእነርሱ ጣት ነው። የባልና የሚስት የጋራ አባልነት በየማኅበሩ እንዲሠራበት ዛሬ የምንወተውተው ለሪፖርት አይደለም፤ የታሪኩን ግማሽ ወደ መዝገብ ለማስገባት ነው።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባብያን፣ በዓል ስናከብር ያደገውን ካፒታልና የተሠራውን መጋዘን ማንሣታችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ የቆመው አባሉ ሚዛኑን ስለሚያምን ነው። ሚዛኑን ማመን ሲያቆም እንደ 1982ቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁሉም ይበተናል። መጋዘኑ ይቀራል፤ ሰው አይቀርም። ስለዚህ ሦስት ነገር ላሳስብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ በየመሠረታዊ ማኅበሩ የሚገኙ የድሮ ቃለ ጉባኤዎች፣ የደረሰኝ ጉርዶችና የአባላት ደብተሮች አይጣሉ። አንዳንዱ በምስጥ ተበልቷል፣ አንዳንዱ የቡና ማፍያ እሳት ማቀጣጠያ ሆኗል። ለእኛ ተራ ወረቀት የሚመስለው ለልጅ ልጆቻችን ከዜና መዋዕል አያንስም።

ሁለተኛ፣ መሥራች አባቶችና እናቶች በሕይወት እያሉ ይጠየቁ። ጥያቄው «መቼ ተመሠረተ?» ብቻ አይሁን። «እህልዎን መጀመሪያ ማን መዘነው? ምን ሸጠው ዕጣ ገዙ? ምን ተከፋፈላችሁ፣ በምን ተጣላችሁ፣ እንዴት ታረቃችሁ?» ይባል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ስለሚሄዱ ለመጻፍ የሚከብድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሚዛኑ ምንጊዜም ፊቱን ወደ ባለ እህሉ ያዙር። በየዓመቱ ከመኸር በፊት በአባላት ፊት ይፈተሽ። የሚጠይቅ አባል እንደ አስቸጋሪ አይታይ። ማኅበራችንን ያዳነው የጠየቀ አባል ነው።

ከአዛውንቱ ዘንድ ስሰናበት ያንን የመጀመሪያ ሚዛን አሳዩኝ። አሁን ማኅበሩ አዲስ ስላለው አሮጌው መጋዘን ጥግ ተቀምጧል፤ ቀለሙ ለቋል፣ አንዱ እግሩ በሽቦ ታስሯል። ሸጠው ለምን ብረቱን እንኳ እንዳልተጠቀሙበት ብጠይቃቸው፣ «አንዳንድ ጊዜ አዲሱን የሚጠራጠር ይመጣል። ያን ጊዜ በሁለቱም እንመዝንለታለን» አሉኝ።